የሻምበል አሸዋ

መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዓለምጸሐይ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሜልበርን ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና ወደሚያስኬድ የገጠር እስር ቤት አዛውረውኛል። ስልክ አለ፤ ግን አስር ደቂቃ ሲሞላ ራሱ ይቆረጣል፤ ከኋላዬም ሰው ተሰልፎ ይሰማል። እርስዎም በስልክ ሲያወሩ ጆሮዎ እንደሚያስቸግርዎ አውቃለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እንነጋገር።

ከሁሉ አስቀድሞ ይቅርታ። የፍርዱ ቀን ጠዋት በርዎን አንኳኩቼ "እስከ ማታ ያዙልኝ" ብዬ ድመቴን ሻምበልን ስሰጥዎ፣ ማታ እንደማልመለስ ጠበቃዬ ነግሮኝ ነበር። ሁለት ዓመት እንደሚሆን አላወቅሁም እንጂ እንደማልመለስስ አውቄአለሁ። እውነቱን ብነግርዎ እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አስራ አንድ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ዋሽቼዎት አላውቅም ነበር።

አሁን ስለ እሱ። ሰሞኑን ከአልጋ ሥር ሊደበቅ ይችላል፤ አይጎትቱት፤ ውኃና ምግቡን ቀረብ አድርገውለት ይተዉት፤ ራሱ ይወጣል። ጾም ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የሥጋውን ቆርቆሮ መክፈት እንደሚከብድዎትም። እሱ ግን ሊጾም አይችልም። ድመት ሥጋ ካጣ ውሎ አድሮ ዓይኑ ይጠፋል፤ ልቡም ይደክማል። ከወጥዎ አያቅምሱት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ያበላሹበታል። ለጉልበትዎ የሚወስዱት ፓናዶል ወለል ላይ እንዳይወድቅ አደራ፤ አንዷ ፍሬ ትገድለዋለች። ለፋሲካ ሰው አበባ ቢያመጣልዎ፣ ሊሊ የሚሉት ረጅሙ አበባ ከደጅ ይመለስ። ብናኙ ጸጉሩ ላይ አርፎ ቢልሰው ኩላሊቱ በሦስት ቀን ያልቃል።

የሚጸዳዳበትን አሸዋ በየጠዋቱ ይዩልኝ። ድመት ሕመሙን ይደብቃል። አይጮህም፤ ጥግ ይይዛል፣ ጸጉሩን መላስ ይተዋል፣ ምግቡን አሽትቶ ይሄዳል። የዚያን ጊዜ አሸዋው ነው የሚናገርለት።

አክባሪዎ ጋዲሳ

* * *

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሳ፣

የድንግል ልጅ ባለህበት ይጠብቅህ። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። ደብዳቤህን ሩቤል፣ ያ ሰባተኛ ፎቅ ያለው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ከታች ከፖስታ ሳጥኔ አምጥቶልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስለ ዋሸኸኝ ነገር አንነጋገር። በሩን ስከፍት ፊትህን አይቼ ገብቶኛል። እስከ ማታ የሚመለስ ሰው የሁለት ሳምንት ምግብ ተሸክሞ አይመጣም።

ግን ሻምበል ብለህ ስም ማውጣትህ ምን የሚሉት ነው? እኔ ሱዳን የገባሁት ከሻምበል ሸሽቼ ነው። ባሌን ከቤት የወሰደው ሻምበል ነበር። በገዛ ቤቴ "ሻምበል ና፣ ሻምበል ብላ" ስል አልገኝም። "አንተ ልጅ" እለዋለሁ፤ ይሰማል።

አራት ቀን ከአልጋዬ ሥር አልወጣም። በአምስተኛው ቀን ስጸልይ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። እኔ ከድመት ጋር አንድ ቤት ኖሬ አላውቅም። ወልድያ ድመታችን ጎተራ ነበር የምታድረው፣ አይጧን ትበላለች፣ ማንም ስለ ኩላሊቷ አይጠይቃትም። የሱን ቆርቆሮ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነው የምከፍተው። ለንስሐ አባቴ በስልክ ነገርኳቸው፤ "አንቺ እስካልቀመስሽው" ብለው ሳቁብኝ።

አሁን አንድ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ራሱን ያካል። የሚተኛበት ትራስ ላይ የቁንዶ በርበሬ ዱቄት የመሰለ ጥቁር ነገር አገኛለሁ፤ እጠርገዋለሁ፤ በማግስቱ አለ። እኔንም ቁርጭምጭሚቴን እየበላኝ ነው።

በስልክ ለምን መጥቼ እንዳልጠየቅሁህ ላልከኝ፣ ጉልበቴ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ዓለምጸሐይ

* * *

ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ከጾሙ ድካም ጋር እንዴት ከረሙ?

ያ ቁንዶ በርበሬ የቁንጫ ኩስ ነው። ለማረጋገጥ ነጭ ሶፍት በውኃ አርጥበው ፍርፋሪውን ያስቀምጡበት። ዙሪያው ቀላ ብሎ ከፈሰሰ፣ ቁንጫው የመጠጠው የሻምበል ደም ነው። ሩቤል የእንስሳት ዕቃ መሸጫ ሄዶ ለድመት የተሠራውን ጠብታ ያምጣልዎ፤ ሳጥኑ ላይ የድመት ሥዕል ይኑርበት። የውሻውን "ያው ነው" ብለው ቢሰጡት እንዳይቀበል። ውሻ የሚድንበት አንዳንዱ መድኃኒት ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል። ማጅራቱ ላይ ጸጉሩን ገለጥ አድርገው ቆዳው ላይ ያንጠባጥቡለት፤ እዚያ ምላሱ አይደርስም። በየወሩ ይደግሙለታል። ቁንጫ ከድመቱ ገላ ይልቅ ቤቱ ውስጥ ስለሚራባ አንሶላውን በሙቅ ውኃ ይጠቡት፤ ምንጣፉንም በማሽን ይጥረጉት። ጅራቱ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካዩ ደግሞ ትል ነው፤ ቁንጫ ውጦ ያመጣው። እሱም ክኒን አለው፤ አይደንግጡ።

እዚህ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ደህና ነው። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ሥራ ሰጥተውኛል። ብዙ የሚወራ ነገር የለውም።

ፋሲካን የት ያሳልፋሉ? የማኅበር ጓደኞችዎ ፉትስክሬይ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱዎት ይሆን? ዓምና ቅዳሜ ማታ በነጭ ልብስ ተሸላልመው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ተገናኝተን ነበር።

ጋዲሳ

* * *

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ጋዲሳ፣

መልስ የዘገየው ስለ ፋሲካ ጠይቀኸኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "ጥሩ ነበር" ብዬ እዘጋዋለሁ። ላንተ መዋሸት አልሆነልኝም።

የትም አልሄድኩም። ከኅዳር ወር ጀምሮ የትም ሄጄ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሊፍቱ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ቆመብኝ፤ መብራቱም ጠፋ። ደወሉን ስጫን አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ታወራኛለች። እሷ የምትለው ለእኔ አይገባኝም፤ እኔ የምለው ለእሷ አይገባትም። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆየሁ። ድንበር የተሻገርኩት በጭነት መኪና ላይ በማሽላ ጆንያ ሥር ተኝቼ ነው፤ ያኔ እንዲህ አልፈራሁም። ሲከፍቱልኝ ልብሴ ረጥቦ ነበር። ሰው እያየኝ።

አንድ ቀን በደረጃው ልውረድ ብዬ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እየዳኽኩ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ዘጠነኛ ፎቅ ነኝ። ለማኅበሩ ሴቶች "ጉንፋን ነው"፣ "እንግዳ አለብኝ" እላለሁ። ሩቤል ገበያዬን ያመጣልኛል፤ እሱም ጉልበቴ ብቻ ይመስለዋል። ላንተ የነገርኩህ በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ስለምታውቅ ነው። ግን አንተ የሚከፈትበት ቀን ተጽፎልሃል። እኔ ማን ፈረደብኝ?

ፋሲካን ከዚህ ልጅ ጋር መስኮት ላይ ሆነን የኬንሲንግተንን ባቡር ስናይ ዋልን። ዶሮውን ለእሱ ያለ ሽንኩርት ቀቀልኩለት።

ቁንጫው ጠፍቷል። ሶፍቱ እንዳልከው ቀልቶ ነበር። አሸዋውን በየጠዋቱ አያለሁ። ሰሞኑን ቶሎ ቶሎ ይገባበታል፤ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያደርገው። ይህስ ምንድን ነው?

ዓለምጸሐይ

* * *

ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ሰላምታውን ልዝለለውና ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ እንደ ክር ቀጭን ነው። ፊኛው ሲቆጣ ደቃቅ ጠጠርና ዝልግልግ ነገር ይሠራል፤ ያ ቧንቧውን ይዘጋዋል። ቤት መለወጥና ጭንቀትም ያመጡበታል። አሁን ጥቂትም ቢሆን እየወጣ ከሆነ ጊዜ አለን። ደረቁን ምግብ ያቁሙና የቆርቆሮውን ብቻ ውኃ ጨምረው ይስጡት፤ ሩቤልም በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ቡክ ያድርግለት። ግን ደጋግሞ ገብቶ ቁጢጥ ብሎ ምንም ካልወጣው፣ ካቃሰተ ወይም የታችኛውን ገላውን ደጋግሞ ከላሰ፣ ሆድ ድርቀት እንዳይመስልዎ። ደብዳቤዬንም አይጠብቁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ይሂድ። ሁለት ቀን በሕይወት አይቆይም።

ይህን ስጽፍ ምን እየጠየቅሁዎት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ሊፍቱ ምክር አልሰጥዎትም። እኔም ማታ በሩ ከውጭ ሲቆለፍ እስካሁን ግድግዳውን እይዛለሁ።

ለምን እንደታሰርኩ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። አገር ቤት ስምንት ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ። እዚህ የሙያ ፈቃዱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሌሊት ሰንሻይን ዌስት መጋዘን እሠራለሁ፣ ቀን በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። ያን ቀን ጠዋት ከሺፍት ወጥቼ አንድ ሰው ላድርስና እተኛለሁ ብዬ ነበር። አንቀላፋሁ። አራት ሰከንድ ነው አሉ። አንድ ሽማግሌ ዳቦ ገዝተው መንገድ እያቋረጡ ነበር።

ባለቤታቸው ፍርድ ቤት ቆመው አልሰደቡኝም። አሁንም ጠዋት ጠዋት ሁለት ስኒ አወጣለሁ ነው ያሉት። ሌላ ሌላውን ረስቻለሁ።

ጋዲሳ

* * *

ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ጋዲሳ፣

በመጀመሪያ፣ በሕይወት አለ። ይህን ካነበብክ ቀሪውን ረጋ ብለህ ቀጥል።

ሩቤል ቡክ ያደረገልኝ ቀጠሮ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ጠዋት አሸዋው ውስጥ ገብቶ ቁጢጥ አለ። ወጣ። ተመልሶ ገባ። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንዲት ጠብታ የለም። እኔ ሞኟ ዘይት ላጠጣው ማንኪያ አንስቼ ነበር። ከዚያ "ሆድ ድርቀት እንዳይመስልዎ" ያልከኝ ትዝ አለኝ። ሆዱን ብነካው እንደ ብርቱካን ጠጥሯል። ነከሰኝ፤ ነክሶኝ አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ አስመለሰውና ከአልጋው ሥር ገብቶ ዝም አለ።

ሩቤል ሺፍት ላይ ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው። የኮሪደሩን በሮች አንኳኳሁ፤ የሚከፍት ጠፋ። ልጁን የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ከላይ በነጠላዬ አሰርኩትና ሊፍቱ ፊት ቆምኩ።

መጣ፤ ተከፈተ፤ ተዘጋ። አልገባሁም። ሁለተኛም መጣ። እግሬ እምቢ አለ። ቅርጫቱ ውስጥ ሲያቃስት ይሰማኛል። በሦስተኛው አንዲት ሶማሌ ሴትዮ የሕፃን ጋሪ ይዛ ውስጥ ነበረች። በሩን በእግሯ ያዘችና "ካም፣ ማማ፣ ካም" አለችኝ። ፊቴን አይታ እጄን ያዘች። እሷ እኔን "ኦኬ፣ ኦኬ" ትላለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "አይዞህ ሻምበል፣ ሻምበል አይዞህ" እላለሁ። አዎ፣ ስሙን ጠራሁት። አትሳቅ።

ታች ስወርድ ነፋሱ ፊቴን መታኝ። ሴትዮዋ ታክሲ ጠርታ አሳፈረችኝ፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ክሊኒኩ ውስጥ ሰምሃል የምትባል ነርስ አለች፤ እናቷ የመቀሌ ሰው ናቸው። ሐኪሟ የምትለውን ታስተረጉምልኝ ጀመር። አደንዝዘው በቀጭን ቱቦ ከፈቱለት። "ማዘር፣ እስከ ነገ ቢቆይ ልቡ ይቆም ነበር" አለችኝ። "ማን ነግሮዎት ነው የመጡት?"

"ሐኪሙ ነው" አልኳት።

"የት ነው የሚሠራው?"

"ገጠር ነው" አልኳት።

ሦስት ቀን ግሉኮስ ተደርጎለት ቆየ። ልወስደው ስሄድ ሩቤል አብሮኝ ነበር፤ ስንመለስ ሊፍቱ ውስጥ ልብሱን ጨምድጄ ይዤው መጣሁ። ያኔ ነው ነገሩ የገባው።

አንዴ ከወረድኩ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አለቀቀኝም። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ለብሼ ሊፍቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሻምበል ግን እንደ ልቡ ይሸናል።

ዓለምጸሐይ

* * *

ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ስላደረጉልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሟ ያዘዘችለትን ምግብ አይለውጡበት። ውኃ በሁለት ቦታ ያስቀምጡለት።

እዚህ ብርድ ገብቷል። የልብስ ማጠቢያውን ሥራ ትቻለሁ። ብዙውን ጊዜ እተኛለሁ። ስልክ ካልደወልኩ አይቀየሙኝ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ጤና ይስጥልኝ።

ጋዲሳ

* * *

ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋዲሳ፣

ደብዳቤህን ለሩቤል አነበብኩለት። "ሰውዬው ታሟል" አለኝ። እኔም ቀድሜ አውቄው ነበር።

ጥግ ይይዛል ብለኸኛል፤ ይኸው ጥግ ይዘሃል። ሻምበል ከሐኪም ቤት ወጥቶ እንዴት ሆነ ብለህ እንኳ አልጠየቅኸኝም። ጺምህን ትላጫለህ? ትበላለህ? ባለፈው በስልክ ድምፅህ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ አስር ደቂቃው ሳይሞላ ዘጋኸው።

ልቤ እንደነገረኝ የሆነ ወረቀት መጥቶልሃል። ምን እንደሚል ጻፍልኝ። እኔ ልብሴ እንደረጠበ ነግሬሃለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልንገርህ?

ዓለምጸሐይ

* * *

ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ቪዛዬን ሰርዘውታል። አስራ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው ቪዛው ይሰረዛል ይላል ሕጉ። በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ይመለስልኝ ብዬ ካልጻፍኩ አበቃ። ወረቀቱ የመጣው ሰኔ አስራ ሰባት ነው። ቅጹ ትራሴ ሥር ነው፤ አልሞላሁትም።

ቢሞላም ወዲያው አይመልሱም። ከዚህ ስወጣ ቤት አልገባም፤ የስደተኞች ማቆያ ነው የሚወስዱኝ። እዚያ አንድ ዓመት የቆዩ አሉ፤ ሦስት ዓመት የቆዩም አሉ። ፍርድ ያለው ሰው የሚከፈትበት ቀን አለው ብለውኝ ነበር። ያም ቀን ተሰረዘ።

ደግሞ ቅጹ ላይ "ለምን እዚህ መኖር ይገባሃል" የሚል ቦታ አለ። ብዕሩን ይዤ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። የእኚያ ሴትዮ ስኒ ነው የሚታየኝ። የሚገባኝ አይመስለኝም።

ሻምበልን ለሰው ይስጡት። ክሊኒኩ አሳዳጊ ያገኝለታል። ለማይመለስ ሰው ድመት አይጠብቁ።

ጋዲሳ

* * *

ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋዲሳ፣

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሩቤል ዕረፍት ነው፤ ስሜን ከጠያቂዎች ዝርዝር አስገባ። ቅጹን ይዘህ ውጣ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የታመመ ድመት ሲያመጡልህ፣ መርፌውን ከመውጋትህ በፊት "ይገባዋል ወይ?" ብለህ ታውቃለህ?

ዓለምጸሐይ

* * *

ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

በሰላም እንደገባችሁ ሩቤል በስልክ ነገረኝ። ሊፍቱ ውስጥ ሲገቡ እስከ መሬት ድረስ ጮክ ብለው ዳዊት እንደደገሙም ነገረኝ።

በሩ ተከፍቶ ሲገቡ አየሁዎት። እንዲያ አጭር እንደሆኑ ረስቼ ነበር። ጠባቂው "እናትህ ናቸው?" ሲለኝ እርስዎ ቀድመው "የስ" አሉት። ቅጹን እኔ እየሞላሁ እርስዎ ሲጠብቁኝ፣ "ለምን ይገባሃል" የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ያኔ ያሉኝን አልረሳውም። "እንግዲያው ስለሚገባህ አትጻፍ። ያደረግኸውን ጻፍ። ሰውዬውንም ጻፍ፤ እኔንም፣ ድመቱንም ጻፍ፤ እነሱ ይፍረዱ" ነው ያሉት።

ጻፍኩ። ሰምሃል የተረጎመችውን የእርስዎን የምስክርነት ደብዳቤም አያይዣለሁ። በመጨረሻው ቀን ደርሷል፤ ማረጋገጫውን ሰጥተውኛል።

ከዚያ ወዲህ እየበላሁ ነው። ሻምበል ክብደት ጨምሯል ያሉኝን እኔ እንጃ። ስንት ኪሎ ነው? ጀርባውን ሲዳብሱት አጥንቱ ይሰማዎታል?

ልጅዎ ጋዲሳ

* * *

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሳ፣ ቢሾፍቱ

እንኳን ለአገርህ አበቃህ ማለት ይከብደኛል። እንዴት ነህ? እህትህ ደህና ናት? ከታኅሣሥ ጀምሮ ማቆያው ውስጥ የእጅ ስልክ ስለነበረህ መጻፍ ትተን ነበር። ይህን ግን በስልክ ልለው አልቻልኩም።

ቪዛው አይመለስም ያሉ ጊዜ ይግባኝ አልልም ማለትህን አልተቃወምኩም። በአጥር ውስጥ ሌላ ሁለት ዓመት ከመቀመጥ መሄዱ ይሻለኛል ስትል ገብቶኛል። ጥር አስራ ሰባት ልሰናበትህ ስመጣ "ሻምበል እንዴት ነው?" አልከኝ። "ደህና ነው፣ ይበላል፣ አልጋዬን ወርሶታል" አልኩህ።

ዋሽቼህ ነው። ሻምበል የሞተው ታኅሣሥ አስራ አራት ቀን ነው።

እንደገና ተዘጋበት። በዚያው ሰዓት ወሰድኩት፣ ሊፍቱ ፊትም ሰው አልጠበቅሁም፣ ራሴው ጠርቼ ገባሁ። ከፈቱለት፤ በሁለተኛው ቀን መልሶ ተዘጋ። ኦፕሬሽን አለ አሉኝ። ግን ደሙን ሲመረምሩት ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር፤ ሐኪሟ "ማሰቃየት ይሆናል" አለች። ሰምሃል አብራኝ አለቀሰች። ፈረምኩ። ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ጆሮውን ሳሻሸው ዓይኑን ከደን አደረገ፤ ከዚያ በመርፌው አለፈ። አላመመውም።

አንተን በአመክሮ ፈትተው በዚያው ሳምንት ነበር ወደ ማቆያው ያዛወሩህ። እንዴት ልንገርህ? ልትሄድ ስትል ልነግርህ አስቤ፣ ፊትህን ሳይ አቃተኝ። አውሮፕላን ላይ ያንን ይዘህ እንድትወጣ አልፈለግሁም። ይቅር በለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለልጄ ዋሸሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። አሸዋውን ሩቤል ወስዶ ጣለልኝ። ጠዋት ስነሳ አሁንም ወደዚያ ጥግ አያለሁ።

ዓለምጸሐይ

* * *

ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምጸሐይ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። አያልቅሱ። አውቄ ነበር።

በሐምሌ እስር ቤት ሊጠይቁኝ ሲመጡ ጥቁሩ ሹራብዎ ላይ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሻምበል ነጭ ጸጉር ሞልቶበት ነበር፤ ጠባቂው ሲፈትሽዎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በጥር ያንኑ ሹራብ ለብሰው መጡ። አንድ ጸጉር አልነበረበትም። እኔ ሐኪም ነኝ፤ መጀመሪያ የማየው ጸጉር ነው። "አልጋዬን ወርሶታል" ሲሉኝ እጅዎን ጠረጴዛው ሥር ደብቀው ነበር። ልጠይቅዎ አስቤ ተውኩት። ስንለያይ ይዘውልኝ የመጡት ነገር ያ "ደህና ነው" ማለትዎ ብቻ ነበር፤ ልመልስብዎ አልፈለግሁም።

ልክ ነው ያደረጉት። እኔም ብሆን በዚያ ደም ውጤት ያንኑ ነበር የምመክረው። በጭንዎ ላይ ስላረፈ አመሰግናለሁ።

እኔ ደህና ነኝ ብዬ ነበር በስልክ። አይደለሁም። እህቴ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ሰጥታኛለች፤ ከመጣሁ ጀምሮ ከግቢው አልወጣሁም። ሰው "ከአውስትራሊያ መጣ" ብሎ ሊያየኝ ይመጣል፤ እህቴ "ተኝቷል" እያለች ትመልስልኛለች። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ከዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ገና አላየሁትም። ገብቼ ምን እላለሁ? የሚሉትን ሁሉ በልቤ…

አሁን አንዲት ሴት በሩን እየደበደበች ነው። የጎረቤቷ ላም ከትናንት ጀምሮ እያማጠች ነው፣ አልወለደችም አለች። "ሐኪም እዚህ አለ ብለውኛል" ትላለች። እህቴ "ተኝቷል" ስትላት ሰማሁ። ሴትዮዋ ግን አልሄደችም።

ጓንት እንኳ የለኝም። ሳሙናና ዘይት ልውሰድ። ልሂድ።

ከሰዓት በኋላ የተጨመረ፦ ጥጃዋ አንገቷ ወደ ኋላ ተጣጥፎ ነበር፤ ሞታ ነው የወጣችው። ላሚቱ ግን ተርፋለች። ስመጣ ቆማ ውኃ ትጠጣ ነበር። ነገ ጠዋት ሄጄ ላያት ቀጥረውኛል።

ጋዲሳ